የሦስት ቁጥር ፉጨት

ጥር 6

ለልጄ ለካንዴላ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅሽን ጽሑፍ ሳይ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፤ ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፣ መልሼ ተቀመጥኩ። ከእናትሽ ለቅሶ ወዲህ የጻፍሽልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከፍቼ ሳነበው ግን «ውድ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ነዎት?» ይላል። እርስዎ! የጡረታ መሥሪያ ቤት የጻፈልኝ መስሎኝ ከሥሩ ማኅተም ፈለግኩ። ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ ጆሮዬን እንደ መኪና መሪ እያዞርሽ ያደግሽ ልጅ፣ እኔን ነው እርስዎ የምትይኝ?

ለማንኛውም ደህና ነኝ። ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። ጡረታ ወጡ ወይ ላልሽው፣ በወረቀት ወጥቻለሁ፣ በእግሬ ግን አልወጣሁም። የት እወጣለሁ? ቤታችን እንደምታውቂው ነው፤ በእግርጌዬ የመብራት ማመንጫው አጥር፣ በራስጌዬ የልብስ ሰፊዋ ቤት። ሞተሮቹ ሲያስነጥሱ አልጋዬ ላይ ሆኜ አውቃለሁ። አዲሶቹ ልጆች ሲጨንቃቸው ዛሬም በሬን አንኳኩተው «ጆሮ፣ እስቲ ናና አዳምጥልን» ይሉኛል። ረጅሙን ካቻቢቴዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ሥር ካለው አጥንት ላይ አድርጌ የትኛው ኩሽኔታ እንደላላ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሚያፈስ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ሰፈር ስሜን የሚያውቅ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ጆሮ ነኝ፣ በቃ።

ልብስ ሰፊዋ ደህና ናት። አሁንም ለጤና ጣቢያው ነርሶች ነጭ ጋዎን ትሰፋለች፤ አሁንም አጥባ የምታሰጣው ቤቷ ውስጥ ነው። ደጅ ካዋለችው ከጭስ ማውጫው የሚወርደው ጥላሸት ነጠብጣብ ያደርግባታል። ትስላለች ወይ ላልሽው፣ ትስላለች። እዚህ የማይስል ማን አለ?

የእናትሽ ነጭ ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። «ሞተሮቹ የሚያርፉ ቀን እለብሰዋለሁ» ትል ነበር፤ ሞተሮቹ ደግሞ ማረፍ አያውቁም። አልነካሁትም።

ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልጻፍሽም። እኔም አላነሳውም። እናትሽ በተቀበረች ማግስት፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ «የገደላት ያንተ ጭስ ነው» ማለትሽን አላነሳም። ይኸው፣ አላነሳሁትም።

አባትሽ

---

የካቲት 2

አባዬ፣

ይኸው አንተ ብዬሃለሁ። እርስዎ ያልኩህ ልርቅህ ፈልጌ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ ከርሜ ድንገት አንተ ማለትን አፌ ስላልደፈረ ነው። ስጽፍና ስቀድ የስንት ሰው ወረቀት ጨርሻለሁ።

በየጊዜው በዚህ የሚያልፈው የካሚዮን ሾፌር የላክህብኝን ጥያቄ አድርሶልኛል፤ እየሳቀ ስለነገረኝ ግማሹን የራሱ ፈጠራ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። «ያ ማንቆርቆሪያችሁ ምን ይበላል?» ብለሃል አሉ። ምንም አይበላም፣ አባዬ። እዚህ ከምሠራበት የእንፋሎት ማመንጫ ሥር፣ ከምድር በታች ድንጋዩ የጋለ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ስንቆፍር እዚያ የኖረው ውሃ ራሱ ፈልቶ ራሱ ይወጣል። እንፋሎቱ ተርባይን ያዞርልንና የቀረው ውሃ በሌላ ጉድጓድ ተመልሶ ወደ መጣበት ይገባል፤ እዚያ ደግሞ እንደገና ይሞቃል። የናፍጣ ቦቴ እዚህ ደጅ ደርሶ አያውቅም። ዝናብ ቀረ፣ ነፋስ ቆመ ብሎ መብራት የሚያጠፋ ነገርም አይደለም። ከሩቅ የሚያየን ሰው ነጭ ነገር ወደ ሰማይ ሲወጣ አይቶ ጭስ ይለዋል፤ እጅህን ብትሰድበት ግን የሚያገኝህ እርጥበት ነው። የቢሮዬን መስኮት በጣቴ ስጠርገው አቧራ ይወጣል እንጂ ጥላሸት አይወጣም። የመጀመሪያ ሰሞን ይህን ማመን አቅቶኝ በየቀኑ እጠርገው ነበር።

እንከን የለውም ብዬ ግን አልዋሽህም። ቦታው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከጉድጓዱ አብሮ የሚወጣ ጋዝ አለ፤ ሁላችንም ወገባችን ላይ መለኪያ ታጥቀን ነው የምንሠራው፣ ሲጮህ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንሮጣለን። የአለቃችን ቦርጭ ሲሮጥ ብታየው ለወር ትስቅ ነበር።

የጻፍኩልህ ለዚህ ነው፦ የእኛ የመብራት መስመር ከተማችሁ ሊደርስ ነው። ክረምት ሲገባ ሞተሮቹ ይቆማሉ። አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ብዬ ነው።

ያን ነገር አላነሳም እያልክ አንሥተኸዋል። ይቅርታ የምጠይቅህ ስለ ቦታው ነው፣ ሰው ፊት መናገሬ። ቃሉን ግን አልመለስኩትም፣ አባዬ። ለብቻዋ ያጠፍኳትን ብጣሽ ወረቀት ብቻህን ሆነህ አንብባት።

ካንዴላህ

---

የካቲት 28

ካንዴላ፣

ወይ ጉድ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ናፍጣ ያጠጣኋቸውን ሞተሮች የገዛ ልጄ ልትዘጋቸው። ናፍጣ ሞተር እሳት የምትጭር ካንዴላ እንደሌለው ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው አንዷን ቤቴ ውስጥ ወለድኩ እያልኩ ስቀልድ የነበረው፤ ቀልዱ ዞሮ መጥቶ እኔው ላይ አረፈ። ለማመንጫው ልጆች ስነግራቸው አላመኑኝም። ልብስ ሰፊዋ ግን «እውነት ከሆነ ለልጅህ በነጻ እሰፋላታለሁ» አለች።

ብጣሿን ብቻዬን ሆኜ አነበብኳት። በእናትሽ የመጨረሻ ወራት ለምን አጠገቧ እንዳልነበርኩ ነው የጠየቅሽኝ። ይህን ከዓመት በፊት ብትጠይቂኝ በጫማ ነበር የምመልስልሽ። አሁን በወረቀት ልመልስ።

በዚያ ዓመት ሦስት ቁጥር ሞተር ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን፣ ሲር... ሲር የሚል፣ መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር እንደያዘው ቀጥ የሚል ድምፅ። ከእኔ በቀር ማንም አልሰማውም። ደግሞ የሚገርምሽ፣ ማመንጫው ውስጥ ገብቼ ስፈልገው የለም፤ የሌሎቹ ሞተሮች ጩኸት ይውጠዋል አልኩ። ቤቴ ገብቼ ጎኔን ሳሳርፍ ነው ቁልጭ ብሎ የሚመጣብኝ። ከተማው፣ ጤና ጣቢያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ሁሉም በዚያ ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቢፈነዳስ? ፈታሁት። ገጠምኩት። ኩሽኔታ ቀየርኩ። ያው ነው፣ ያፏጫል። እንደገና ፈታሁት። አለቃዬ ጆሮ አርጅቷል ብሎ አስወራብኝ፤ እልህ ያዘኝ። ቤት የምመጣው ለመተኛት ብቻ ሆነ፣ ስመጣም እሱ ፉጨት ይጠብቀኛል።

እናትሽ ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን አልጋው ላይ ተቀምጣ «እስቲ እኔንም አዳምጠኝ፤ ከሦስት ቁጥር በምን አንሳለሁ?» አለችኝ። ካቻቢቴውን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ። ያው የሦስት ቁጥር ፉጨት መጣ። ብረት ድምፅ ይሸከማል፤ ከሞተሩ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ አልጋው ብረት፣ ከዚያ ወደ ሰው ገላ። «አንቺ ደህና ነሽ፣ የሚያፏጨው ሞተሩ ነው» አልኳት። ሳቀች። ቱታዬን ለብሼ ተመልሼ ሄድኩ።

የት ነበርክ ላልሽው እንግዲህ እዚያ ነበርኩ። ሳላገኘው እሷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ፉጨቱም ተሰምቶኝ አያውቅም። የቀየርኩት የመጨረሻው ማሸጊያ ጋስኬት ሠርቶ መሆን አለበት።

ካቻቢቴውን በሾፌሩ ልኬልሻለሁ። እዚህ ሥራ ሊፈታ ነው። ተርባይንሽ ላይ አድርጊውና የሚልሽን ጻፊልኝ።

አባትሽ

---

ሚያዝያ 11

አባዬ፣ አባብዬ፣

ይህን ያህል ስዘገይ ተቆጥተህ ይሆናል። አልታመምኩም፣ ሥራም አልበዛብኝም። ደብዳቤህን አነበብኩ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ይዤ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። እጀታው ላይ የጣቶችህ ቦታ ተሠርጉዶ ቀርቷል፤ የእኔ ጣቶች ገብተው ሰፋባቸው።

ተርባይኑን አዳምጬልሃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አብዳለች ብለው ከበቡኝ፣ በኋላ ሁሉም ተራ በተራ እያደረጉ አዳመጡ። ወጥ ነው፣ አባዬ። አይንኳኳም፣ አያፏጭም። ማንቆርቆሪያ ያልከው እውነትህን ነው፤ ሊፈላ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል፣ ግን አይገነፍልም።

አሁን የምጽፍልህን ልብ ብለህ አንብብ። በለቅሶው ላይ ያልኩህን ቃል መልሻለሁ። ተሳስቼ ነበር። ሐኪሙ ቆይቶ እንደነገረኝ እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነበር። ጭሱ አይደለም። ከእንግዲህ ይህን ነገር እኔም አላነሳውም፣ አንተም አታንሣው። ስለ ሦስት ቁጥርም ለማንም አታውራ፤ ሰው ነገር ይሠራበታል።

ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሞተሮቹ ከመቆማቸው በፊት ወደ እኔ ና። ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፣ አንደኛው መስኮቱ ሰፊ ነው፣ አልጋ አስገብቼበታለሁ። ከፈለግህ ቀኑን ሙሉ ማመንጫችን ውስጥ እየዞርክ ሠራተኛውን ስትሳደብ ትውላለህ። ብቻ ያን ቀን እዚያ አትሁን። እዚያ ቤት ውስጥ አትሁን። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ እምቢም አትበለኝ።

ልጅህ

---

ሐምሌ 3

ካንዴላዬ፣

አትሁን ባልሽኝ ቀን እዚያው ነበርኩ። ሌላ የት ልሁን? ያሳደግኳቸውን ሞተሮች ሲቀብሩ ልጥፋ?

ልጆቹ ክብር ብለው የመጨረሻውን ሞተር እኔ እንዳጠፋ አደረጉ። ሦስት ቁጥር ነበር። ነዳጁን ዘጋሁበት። ተንተፋተፈ፣ አስነጠሰ፣ ቆመ። ዓይኔን ከአምፖሉ ላይ አልነቀልኩም። አሁን ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ አምፖሉ አልተርገበገበም እንኳ። ያንቺ እንፋሎት ነው ያበራው። ኮራሁብሽ። በአፌ ብጠየቅ አልልም፣ በወረቀት ግን ይኸው ብያለሁ።

ወደ ቤቴ ስሄድ የገዛ ጫማዬ ድምፅ ያስደነግጠኛል። ልብስ ሰፊዋ ደጃፏ ላይ ቆማ «ጆሮ፣ ደነቆርኩ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ መስማት ጀመርሽ» አልኳት። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ እየጮኸ ያወራል። ዕድሜ ልካችንን ሞተሮቹን አሸንፈን ስናወራ የኖርን ሰዎች ድምፃችንን ዝቅ ማድረጊያው የት እንዳለ ጠፋብን። አንዷ ባሏን «ቀስ በል፣ ሰፈሩ ሰማህ» ስትለው ሰፈሩ በሙሉ ሰማት። ሳቅን። እንዲህ አብረን የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን ደግሞ አንቺ በእኔ ሳቂ። ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ ሦስት ቁጥር አፏጨ። ሲር... ሲር። ዘልዬ ተነሣሁ። ካቻቢቴዬን ፍለጋ ቤቱን አተራመስኩት፣ ለካ አንቺ ዘንድ ነው። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ዘበኛው «ምን ጠፋብህ አባት?» አለኝ። ገብቼ እጄን ሞተሩ ላይ አደረግኩ፤ ቀዝቅዟል። ዘበኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ለምዶብህ ነው» አለኝ። እኔም ለምዶብኝ ነው ብዬ ተመለስኩ። ዛሬ ጋደም ስል ግን ያው መጣ።

የቆመ ሞተር እንዴት ያፏጫል? ያ ሁሉ ትምህርትሽ ውስጥ ይህ የለም?

አባትሽ

---

ሐምሌ 19

አባዬ፣

ሾፌሩ ሊነሣ ስለሆነ በአጭሩ ነው የምጽፍልህ። ምንም አይደለም፤ የጆሮ ነገር ነው። እድሜውን ሙሉ ሞተር አጠገብ የኖረ ሰው ጸጥታ ሲመጣ ጆሮው የለመደውን ድምፅ ራሱ ያወጣል። እዚህም ጡረታ የወጡ ሰዎች እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። አትጨነቅበት፣ አትፈልገው።

አልጋህን ከልብስ ሰፊዋ ግድግዳ አርቀህ ወደ መስኮቱ አዙረው። ከምሳ በኋላ መተኛቱንም ተወው፣ ወጣ ብለህ ተንሸራሸር፤ አየሩ አሁን ጥሩ ነው አይደል?

ና ያልኩህን አልረሳሁም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። እባክህን አባዬ።

ልጅህ

---

ጥቅምት 18

ልጄ፣

ስላልጻፍኩልሽ ይቅርታ አልጠይቅሽም። እየጻፍኩ ስቀድ ነው የከረምኩት።

የመጨረሻ ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አልጋህን ከልብስ ሰፊዋ ግድግዳ አርቀው ብለሽኛል። እኔ ግን ፉጨቱ በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚመጣ አልጻፍኩልሽም። እኔ ራሴም አላውቅም ነበር። ሞተር ነው ብዬ ስላሰብኩ ጆሮዬን የማቆመው ሁልጊዜ ወደ እግርጌ፣ ወደ ማመንጫው ነበር። ደብዳቤሽን አስቀምጬ ጆሮዬን በራስጌዬ ባለው የጣውላ ግድግዳ ላይ አደረግኩ። ሲር... ሲር፣ መጨረሻው ላይ ቀጥ። ልብስ ሰፊዋ ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች። የምሰማው ደረቷን ነው።

አልጋዬን ከግድግዳው አላራቅሁትም።

ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ከጣውላው ወዲህ ሆኜ ሳዳምጥ ከረምኩ። የሆነውን ልንገርሽ፣ አንቺን ደስ ሊልሽ ይገባል። ክረምቱ ሳያልቅ ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። መስከረም ሲጠባ የሚሰማው ጀሪካን ተሸክማ የገባች ዕለት ብቻ ሆነ። አሁን የለም። ስትተኛ ትንፋሿ አይሰማም፤ ስትነሣ ደግሞ ታንጎራጉራለች፣ ድምፅ ያላት ሴት መሆኗን ማን ያውቅ ነበር? ጋዎኖቹን ደጅ ታሰጣቸዋለች። ልትወስዳቸው የመጣችው ነርስ እንደነገረችኝ፣ ለታፈኑ ሰዎች ጤና ጣቢያው በር ላይ ያቆሙት የኦክስጅን ሲሊንደር አቧራ ጠጥቷል፣ ሕፃን ታቅፈው በጠዋቱ የሚሰለፉት እናቶችም አግዳሚውን ለቀውታል። «ልጅህን አመስግንልን» አለችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ይመርቅሻል። እኔ ምርቃቱን ሁሉ እቀበልልሽና ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።

አንድ ሰው በዳነ ቁጥር የእኔ ጥፋት ይብስ ግልጽ ይሆናል። እናትሽ ጀርባዋን የሰጠችኝ ቀን ሞተሩን አልሰማሁም። እሷን ነው የሰማሁት። በሚገባ ሰምቻት ደህና ነሽ አልኳት፤ ከዚያ ተነሥቼ እሷን የሚያፍናትን ነገር ልጠግን ሄድኩ። ጠግኜም አስነሣሁት። ፉጨቱ የጠፋው ጋስኬቱ ሠርቶ አልነበረም።

አንቺ ካቻቢቴውን ከላክሁልሽ ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው ድንገት የለሰለስሽብኝ፣ ለዚህ ነው ና ና ያልሽኝ። እንዳልሰማው ነው። ከልጅነቷ ደረቷ ደካማ ነበር ያልሽው ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እናትሽን ከልጅነቷ የማውቃት እኔ ነኝ፤ አብረን ዳገት ስንወጣ የማለከልከው እኔ ነበርኩ፣ እሷ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያኔ ይዤያት ከዚህ ቤት ብወጣ ኖሮ ትኖር ነበር? ልጄ ሆነሽ አትመልሺልኝ። እንደ እንፋሎት ሠራተኛ፣ እንደ ማንም ሰው ሆነሽ መልሺልኝ።

አባትሽ

---

ኅዳር 2

አባዬ፣

ስንት ጊዜ «አባቴ አንድ ቀን ልክ ነበርሽ ይለኝ ይሆን?» ብዬ እንደተመኘሁ አታውቅም። በለቅሶው ማግስት፣ አውቶቡስ ላይ፣ ዝም በተባባልንባቸው ዓመታት ሁሉ። ይኸው አልክ። ደብዳቤህን ይዤ ጉድጓዶቹ መሐል ወጣሁና ምነው ተሳስቼ በነበረ ብዬ አለቀስኩ። መለኪያዬ ጮኾ ሰዎች ጎትተው አወጡኝ።

ሐኪሙ ያለኝን ልጻፍልህ። ከጭሱ ብትርቅ ኖሮ ዓመታት ታገኝ ነበር አለኝ። ስንት ዓመት ብዬ አልጠየቅኩትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልኩህን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የእንፋሎት ሠራተኛዋ የምትመልስልህ ይህ ነው።

አሁን ልጅህ ትናገር። የመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ወስጄ የመጣሁ ሰሞን፣ አንተ ማመንጫው ውስጥ ስለነበርክ ተናድጄ ሳጉረመርም እናቴ እጄን ያዘችኝ። «አትቆጪው። አባትሽ እዚያ የሚፈልገው እዚህ እኔ ውስጥ ያለውን ነው። አትንገሪው፣ ይፈልግ። የእኔ መሆኑን ካወቀ ምኑን ይፈታዋል?» አለችኝ። ያኔ የታማሚ ንግግር መስሎኝ አለፍኩት። ካቻቢቴውና ደብዳቤህ ሲደርሱኝ ነው የገባኝ። እናቴ ታውቅ ነበር አባዬ። ጀርባዋን ስትሰጥህም ታውቅ ነበር። ሳቀች ብለህ የጻፍክልኝ ሳቅ ያ ነው።

ይህን ልነግርህ የዘገየሁት ያጽናናህ ወይም ይግደልህ እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው። አሁንም አላውቅም።

ከእንግዲህ ና አልልህም። እኔ ልምጣ ወይ? ደጃፍህ ድረስ መጥቼ ፊትህን ብታዞርብኝ የምችለው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ አስቀድሜ እጠይቅሃለሁ። ካቻቢቴውን ይዤልህ ልምጣ?

ካንዴላህ

---

ኅዳር 15

ካንዴላዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት ሻንጣውን ከፈትኩ።

ነጩን ቀሚስ አውጥቼ አጠብኩት። ያልቆሸሸ ልብስ አጠብኩ፤ ከማጣጠፉ በቀር ምንም አልነበረበትም። ልብስ ሰፊዋ ላግዝህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። በአጥሩ በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ባለው ሽቦ ላይ አሰጣሁት፤ እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ምንም ነገር አስጥታበት የማታውቀው ሽቦ ላይ። በርጩማዬን አምጥቼ ከፊቱ ተቀመጥኩ።

ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ ዋልኩ። ምን እንደምጠብቅ ልንገርሽ፣ ካንቺ የምደብቀው አልቋል። ጥላሸት እንዲያርፍበት ነበር የምጠብቀው። አንዲት ነጥብ ብታርፍበት፣ ከእኔ ሞተር ሌላ የሚጨስ ነገርም ነበር እላለሁ ብዬ። ነርሷ አለፈች፣ ልጆቹ ከሥራ ወጡ፣ ሁሉም ሰላም ብለውኝ ሄዱ። ሲመሻሽ ተነሥቼ ጫፉን፣ እጅጌውን፣ አንገትጌውን በጣቴ አሻሸሁት። ጣቴን አየሁት። ንጹሕ ነው።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰፈሩ አሁን ሁሉን ስለሚሰማ ልብስ ሰፊዋ ሰምታ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

እናትሽ ያለችሽን ቃል አንብቤዋለሁ። የሳቀችውን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው ሌላ ድምፅ ሆኖብኛል፣ ቀኑን ሙሉ ይሰማኛል። ያጽናናል ወይስ ይገድላል ላልሽው፣ ለእኔም ገና አልለየልኝም።

ካቻቢቴውን አታምጪው። እዚያው ይሁን፣ ወጥ ነው ያልሽውን ተርባይን ያዳምጥ። እኔ ዳግመኛ በእሱ ምንም አላዳምጥም።

ቀሚሱ ዓርብ ማታ ደረቀ። ላወርደው እጄን ዘረጋሁ፣ አልሆነልኝም። ቅዳሜም ሞከርኩ። ዛሬም ሽቦው ላይ ነው፣ ዛሬም ነጭ ነው።

ልምጣ ወይ ብለሽኛል። ነይ። ነይና አውርጂልኝ።

አባትሽ